እማማ ይርገዱ ቴስታታ ሲገጥሙ

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጉኝ በመሐረብ ፊቴን ሸፍኜ የማለቅስ ለመምሰል ሞከርኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። አንዲት ሴት ስለ ሟቿ እያነሱ፣ "ይርገዱ እኮ ከባድ ነገር አንስታ የማታውቅ፣ እጇ እንደ ሕፃን እጅ የለሰለሰ" ሲሉ እኔ በዓይኔ የመጡብኝ ሌላ ሴት ናቸው። የልጃቸውን አሮጌ የነርስ ዩኒፎርም ለብሰው፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ የመኪናዬን ሞተር ሲፈቱ የነበሩት እማማ ይርገዱ።

ያረፉት ባለፈው ወር ነው። ታመው ብዙም አልቆዩም። ለቅሶው ላይ ስለ ደግነታቸው፣ ስለ ጸሎታቸው፣ ስለ ጨዋታቸው ብዙ ተባለ፤ ሁሉም እውነት ነው። አዲስ አበባ ሳሉ በከተማ አውቶቡሶች ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ሲያድሱ እንደኖሩ ግን ከልጃቸው ከሕይወትና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እሳቸውም አያወሩትም ነበር። "ማን ጠየቀኝ?" ይሉ ነበር።

የተዋወቅነው ላስ ቬጋስ፣ አንድ ካዚኖ ውስጥ ስንሠራ ነው። እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፣ እሳቸው የቁማር ማሽኖቹ አካባቢ ያጸዳሉ። የሥራ ሰዓታችን አንድ ላይ ስለሚያልቅ ሮድስ ራንች ድረስ፣ ልጃቸው ቤት፣ አደርሳቸዋለሁ። በሽርጣቸው ኪስ ሁልጊዜ አንዲት የዓይን ጠብታ ጠርሙስ አትጠፋም፤ የያዘችው ግን የስፌት መኪና ዘይት ነው። ኮሪደር ላይ የአንሶላ ጋሪ ሲጢጥ ብሎ ሲያልፍ ከሰሙ የምትገፋውን ልጅ ያስቆሙና ጎንበስ ብለው ጎማው ላይ ሁለት ጠብታ ጣል ያደርጋሉ። በሁለት ወር ውስጥ የሚጮህ ጋሪ ጠፋ። ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ ላይ የጥገና ክፍሉን በስም ጠርቶ አመሰገነ፤ የጥገና ክፍሉም ያለ ምንም ሀፍረት ምስጋናውን ተቀበለ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እማማ ይርገዱ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ያ ቀን በካዚኖው የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ሰኞ ማለዳ ሰዘርን ሃይላንድስ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ቤት በተንከባካቢነት ልጀምር ተቀጥሬያለሁ። ሥራው ቋሚ ነው፤ ባለቤቴና ልጄ በመስከረም ከአዲስ አበባ ሊመጡ ቲኬት ተቆርጧል፤ እኔም ቤት ልከራይላቸው የምችለው በዚህ ሥራ ብቻ ነው። የቀጠረኝ ድርጅት አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኛል፦ መኪና ከሌለህ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። በዚያ ሰዓት እዚያ ሰፈር የሚገባ አውቶቡስ የለም።

እማማ ይርገዱን ይዤ በስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ቻይናታውን ስንደርስ መብራት ያዘን።

"ደረጀ፣ አቁማት" አሉኝ።

"ምነው እማማ፣ የረሱት ነገር አለ?"

"መኪናህ አላማረችኝም። ድምጿን ስማ።"

እኔ ምንም የሰማሁት ነገር የለም። የሙቀት መለኪያው መርፌ ግን ወደ ቀዩ እየወጣ ነው። እንዲህ ሲሆን የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ መሳብ ነው ብዬ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውጭው እሳት፣ ውስጡ እሳት።

"ትንሽ ነው የቀረን፤ ቤት ትደርሳለች" አልኩ።

"አቁም አልኩህ እኮ።"

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግረውኝ አያውቁም። አንድ የኑድል ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ገብቼ ሳጠፋት ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተትጎለጎለ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ወረዱ፣ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ፣ ሙቅ ሻይ ገዝቼ እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ሞተሩ እስኪበርድ ሻዩን ፉት እያሉ ጠበቁ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበው አወጡና አሳዩኝ። ጥቁር መሆን የነበረበት ዘይት ነጣ ነጣ ብሎ አረፋ ይዟል።

"ይኸውልህ፣ ማኪያቶ" አሉ። "ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል።"

ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ነው፤ ጋስኬቱ ከሥሩ ተነጥፎ ውሃውን ከዘይቱ የሚለይ ስስ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ እዚያው የኑድል ቤቱ ጥላ ሥር ነው።

"ራዲያተሩ ውስጥ ምን ስትጨምር ነበር?"

"ውሃ ነዋ።"

"የምን ውሃ?"

"የቧንቧ። በጎደለ ቁጥር እሞላዋለሁ።"

የሻዩን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አገር ቤት ሳለሁ የታክሲ ረዳት ሁሉ በፕላስቲክ ውሃ ይዞ እየወረደ ሲሞላ ያየሁትን ነው ያደረግኩት። ላስ ቬጋስ በሐምሌ ግን በውሃ ብቻ የሚኬድበት አገር አይደለም፤ ቶሎ የማይፈላው ኩላንት የሚባል ፈሳሽ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ እኔና እኔን መሰል አዲስ ገቢ ብቻ ነው።

ጋራዥ ደወልኩ። ሰውየው ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ጠራልኝ፤ ለዚያውም ወረፋው ሁለት ሳምንት ነው። ስልኩን ዘግቼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴን ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር።

"ስንት ብሎን ነው ያለው?" አሉኝ እማማ ይርገዱ።

"ምኑ?"

"ቴስታታው።"

"እኔ እንጃ።"

"ባንክ ቤት ነበር የሠራሁት ያልከኝ?"

"አዎ።"

"ያስታውቃል" አሉና ነጠላቸውን አራግፈው ተነሱ። "ዛሬ ወደ ቤት እናስጎትታት። ነገ እንፈታለን፣ ቅዳሜ እንገጥማለን። እሑድ ግን ሰንበት ነው፤ ብሎን አልነካም።"

ሮድስ ራንች በር ላይ ጥበቃ ያለበት፣ ሣሩ እንኳ በሕግ የሚታጨድበት ሰፈር ነው። ተጎትታ የመጣችውን መኪናዬን ስታይ ሕይወት በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች።

"ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ደጃፉ፣ ድራይቭዌይ ላይ መኪና መሥራት አይቻልም እኮ። የሰፈሩ ኮሚቴ ፋይን ያደርገናል።"

"ድራይቭዌይ ላይ ማን ሠራ? ጋራዡን ዘግተን ነው።"

"በዚህ ሙቀት? ጀርባሽስ?"

"ጀርባዬ የራሴ ነው። አንቺ ያንን አሮጌ ዩኒፎርምሽን ስጪኝና ግቢ።"

ሕይወት እኔን በዓይኗ ቀጣችኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ዩኒፎርሙን፣ ሁለት ቬንትሌተርና አንድ ሙሉ ሐብሐብ ይዛ መጣች።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እንዴት ሥራ እንደሚያበላሽ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሳቸው ጎንበስ ባሉ ቁጥር እኔ "ይተዉ፣ እኔ" እያልኩ ቁልፉን ከእጃቸው እቀበላለሁ፤ ከተቀበልኩ በኋላ ግን የቱን እንደምፈታ አላውቅም። እሳቸው ቆመው ሲያሳዩኝ ደግሞ እኔ በርጩማ ላይ መቀመጡን አልችለውም። ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ "ይቀመጡ" አልኩ።

"ስማኝ" አሉ በመጨረሻ። "እዚህ ጋራዥ ውስጥ እኔ እናትህ አይደለሁም፤ አለቃህ ነኝ። ቤት ስንገባ ታከብረኛለህ።"

ከዚያ በኋላ ተግባባን። እጄ ሲቸኩል ሲያዩ፣ "አይዞህ፣ ከዚህ በላይ አይሞትም። ረጋ ብለህ ፍታ" ይሉኛል። የሞተሩን ጥርሶች የሚያገናኘውን ሰንሰለት ከማውጣታችን በፊት የሕይወትን ቀይ የጥፍር ቀለም አስመጥተው ሰንሰለቱና ጥርሱ የሚገናኙበትን ቦታ ነጥብ ነጥብ አደረጉበት፤ ስንመልሰው ቀይ ከቀይ ጋር ይገናኛል ማለት ነው። ቴስታታው ሲነሣ አሮጌው ጋስኬት ተቃጥሎ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። በቢላ ልፍቀው ስል እጄን መታ አደረጉኝ። አሉሚኒየም ይቧጠጣል። ገብተው ከመሳቢያቸው ጊዜው ያለፈበት የካዚኖ አባልነት ካርድ በመዳፋቸው ሙሉ ይዘው መጡ። ቁማር ተጫውተው አያውቁም፤ ደንበኞች የሚጥሉትን "ይጠቅማል" ብለው ይሰበስቡት ነበር። ከሰዓቱን በሙሉ የስንቱ ቁማርተኛ ስም ባለበት ፕላስቲክ ሞተር ስፍቅ ዋልኩ። በዚያ ከተማ ከካዚኖ ካርድ ትርፍ ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ የፈራነው ነገር ነበር። ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ ከሆነ ማሽን ቤት ሄዶ መላግ አለበት፤ ማሽን ቤቱ ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። እማማ ይርገዱ ረጅም የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ አቆሙና ከኋላው የስልኬን መብራት እንድይዝ አዘዙኝ። በማስመሪያውና በብረቱ መካከል ብርሃን ካለፈ ተጣሟል። በቁመቱ፣ በወርዱ፣ በማዕዘኑ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩት።

"ሐሙስ ዕለት ቤት ድረስ ነድተሃት ቢሆን ኖሮ ይቺ ሳህን ሆና ነበር" አሉ። "አሁን ደህና ናት። ሂድና ጋስኬትና አዲስ ብሎን ግዛ። በሌላው ሁሉ እንቆጥባለን፤ በእነዚህ አንቆጥብም።"

ብሎን ሲጠብቅ ልኩን የሚያሳየውን ትልቁን ቁልፍ መለዋወጫ ቤቱ በውሰት ሰጠኝ። ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ እማማ ይርገዱ የካርቶን ክዳን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ስለው፣ አሥር ቀዳዳ በስተው፣ በእያንዳንዱ አጠገብ ስም ጽፈው ጠበቁኝ። ከበቡሽ፣ ጥሩወርቅ፣ አሰለፈች፣ እያለ ይቀጥላል።

"እነማን ናቸው?" አልኳቸው።

"የማርያም ማኅበርተኞቼ። አሥር ነበርን። ብሎን ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ነው የሚጠብቀው፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ። ለአዳዲስ ሠራተኞች በቁጥር ሳስተምር ይምታታባቸው ነበር። በኋላ ማኅበሩን አሰብኩ። ማኅበር ቤት ስትገባ ከበር ጀምረህ ነው ሰላም የምትለው?"

"አይደለም፤ መሐል የተቀመጡትን ትልልቆቹን ነው።"

"ይኸው አወቅከው። ደግሞ አንዷን አቅፈህ ሌላዋን በእጅ ብቻ ጨብጠህ አታልፍም፣ ትቀየማለች። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ለስለስ አድርገህ፣ በሁለተኛው ጠበቅ፣ በሦስተኛው እስከ ልኩ። ማንም አትቀየም።"

የመጀመሪያውን ዙር አብረን ጨረስን። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ እኔ አጠብቃለሁ። በየስሙም ትንሽ ወሬ አለ። ከበቡሽ ዳቦዋ ሁልጊዜ ያርርባታል፤ ጥሩወርቅ ማኅበር ላይ ሳትተኛ ቀርታ አታውቅም፤ አሰለፈች በሆነ ባልሆነው ስለምታኮርፍ "እሷን በደንብ ያዛት" ይሉኛል። ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ሕይወት በሩን ከፈተችና አባ መጥተዋል አለች። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው፤ ለመጠየቅ ብለው ብቅ ያሉ።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ቁልፉን ብሎን ላይ እንደሰካሁ ተነሣሁ። እጄ በዘይት ስለጠቆረ ወደ ኋላዬ ደበቅኩትና ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምኩ። አባ ጠዋቱን እንዴት እንዳሳለፍኩ፣ ባለቤቴ መቼ እንደምትመጣ፣ ልጄ ስንት ዓመት እንደሆናት ጠየቁኝ። ከዚያ የተፈታውን ሞተር አይተው "ይህ ምንድን ነው?" አሉ። እማማ ይርገዱ "የደረጀ እንጀራ ነው አባ" ብለው መለሱ። አባም እኔን ባረኩ፣ እማማን ባረኩ፣ ትንሽ አሰቡና ሞተሩንም ባረኩ። እማማ ሊሸኟቸው ወጡ።

እኔ ወደ ቁልፉ ተመለስኩ። ቁልፉ አሰለፈች ላይ ነው። ግን አጥብቄያት ነው የተነሣሁት ወይስ ላጠብቃት ስል? አላስታወስኩም። ቁልፉን ነካ አድርጌ አየሁት፤ የሞላ መሰለኝ። እማማ ከእንግዳ ጋር ናቸው፣ ልጠራቸው አፈርኩ። አለፍኳትና የቀሩትን ጨረስኩ። ተመልሰው "አለቀ?" ሲሉኝ "አለቀ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት በሕይወቴ ከሁሉ የረዘመው ነው። ለሦስተኛው ዙር ከመጀመራችን በፊት ሐብሐብ እየበላን ነበር። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ብናገር ተራው ስለተበላሸ ሁሉም ይፈታል፣ ነገ ደግሞ ሰንበት ነው። ባልናገር ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት ደግሞ በመንገድ ላይ እንደገና ይቃጠላል፣ ያኔ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን እሳቸውን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸቴ ነው።

"እማማ፣ አሰለፈችን ያጠበቅኳት አይመስለኝም" አልኩ። "አባ ሲመጡ ተምታታብኝ። ቅድም አለቀ ያልኩዎ አፍሬ ነው።"

የሐብሐቡን ልጣጭ አስቀመጡ። የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"እኔ አላየሁህም እኮ" አሉ። "ባትነግረኝ አላውቅም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

ሳቅ ጀመራቸውና አንድ ታሪክ ነገሩኝ። አንድ ጊዜ፣ ወጣት ሆነው፣ የአውቶቡስ ሞተር ገጥመው ከሸኙ በኋላ አንድ የእጅ ጨርቅ እንደጎደላቸው ያወቁት ማታ ልብስ ሲቀይሩ ነበር። የት እንደቀረ ወዲያው ገባቸው፤ የአየር ማስገቢያው ውስጥ። በማግስቱ አለቃቸው ጋ ገብተው ሲናገሩ ሠራተኛው ሁሉ "አበቃላት" ብሏል። አውቶቡሱ ተመለሰ፣ ጨርቁ ወጣ። አለቃው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልልቁን ሞተር ለእሳቸው ብቻ መስጠት ጀመረ።

"እኔ ተሳስቼ አላውቅም የሚል ሰው የገጠመው መኪና ላይ አልሳፈርም" አሉ። "በል ሁሉንም ፍታቸው። ማኅበሩ ተበትኗል፤ እንደገና እንጠራቸዋለን።"

ከመጀመሪያው ጀመርን። ከበቡሽን፣ ጥሩወርቅን፣ አሰለፈችን። በዚህኛው ዙር እሳቸው ጠርተው እኔ ስሙን እመልሳለሁ፣ ቁልፉም ልኩ ሲሞላ ቀጭ ይላል። ሕይወት ከበሩ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ቆይታ እሷም አብራ መጥራት ጀመረች። በሦስተኛው ዙር ሦስታችንም በአንድ ድምፅ "አሰለፈች" ስንል በሩ ባይዘጋ ኖሮ የሰፈሩ ኮሚቴ በእርግጥ ይከሰን ነበር።

ቀዩን ከቀይ ጋር አገናኘን፣ ዘይት ቀየርን፣ ኩላንቱን እሳቸው ራሳቸው ሞሉት፤ በእኔ ላይ እምነት አልነበራቸውም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የማስነሻውን ቁልፍ አዞርኩ። ሞተሩ አንዴ አሳለ። ሁለተኛ አሳለ። ከዚያ ተነሣ። ከጭስ ማውጫው ትንሽ ነጭ ነገር ወጣና ጠራ። ሕይወት አጨበጨበች። እማማ ይርገዱ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ "ገና ነው። ዳገት እንውሰዳት" አሉ።

ዩኒፎርሙን ሳይቀይሩ ነጠላቸውን ብቻ ደርበው አጠገቤ ተቀመጡ። በብሉ ዳይመንድ መንገድ ወደ ተራራው ወጣን። እዚያ ዳገት ላይ በሐምሌ ስንቱ አዲስ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ይታያል። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ክፈተው አሉኝ፤ ሞተሩ ይፈተን። ከፈትኩት። ከተማው ከኋላችን ዝቅ አለ፣ መንገዱ ቀና አለ፣ እኔ ከመንገዱ ይልቅ የማየው መርፌውን ነው። መሐል ላይ ነበር። ግማሽ ዳገት ወጣን፣ አሁንም መሐል ላይ ነው። መጠምዘዣው ጋ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ።

"እማማ፣ ሰሙት? ይሄ ድምፅ ደህና ነው?" አልኩ።

አልመለሱልኝም።

"እማማ?"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ጭንቅላታቸው መስኮቱ ላይ ዘንበል ብሏል፣ የጠቆሩት እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግተዋል፣ በቀስታ ያንኮራፋሉ። የአንሶላ ጋሪ ሲጢጥ ሲል እንኳ የማይችሉት ሴት በእኔ ሞተር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ከዚያ በኋላ መርፌውን ማየት ተውኩ። ኤሲው ፊታቸው ላይ እንዳይነፍስ ወደ እኔ አዞርኩትና፣ ሰኞ ሥራ እንደምገባ እያወቅኩ ዳገቱን ጨረስኩት።